በብርድ ወራት ስለሚደረግ የመኪና ጉዞና አዳር የሚነገሩ ቃላት አተረጓጐም

በአይስላንድ፣ በካናዳና በአላስካ በብርድ ወራት በአራቱም ጎማው ኃይል የሚሄድ መኪና ይዞ ወደ ተራራ የሚወጡና መኪናው ውስጥ የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ስለዚሁ የተጻፉ መመሪያዎችን ወደ አማርኛ መመለስ ጥቅሙ ለመዝናኛ ብቻ አይደለም። በብርድ አገሮች የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች መኪና ይነዳሉ፤ በአገራችንም ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቲን አምባ ሲያቋርጥ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያልፋል። የአንድ ቃል ስሕተት ለሕይወት አደጋ ሊሆን ስለሚችል፣ ተርጓሚን የሚያሳስቱ አምስት ቃላት ከዚህ በታች ቀርበዋል።

1. ክረምት። የሰሜን አገሮች የብርድ ወቅት ብዙ ጊዜ «ክረምት» ተብሎ ይተረጐማል። ክረምት ግን በአማርኛ የዝናም ወቅት ነው፤ የሰሜኑ ብርድ የሚጸናባቸው ታኅሣሥና ጥር በእኛ ዘንድ በጋ ናቸው። «የክረምት ጎማ» ሲባል አንባቢው ለጭቃ የተሠራ ጎማ ይመስለዋል። ነገሩ ግን በብርድ ሳይደርቅ ልስላሴውን ጠብቆ መሬት እንዲይዝ የተሠራ ጎማ ነው። በሳነቲም ቢሆን ውርጭ የሚበረታው ሰማይ በሚጠራበት በበጋ ሌሊት ነው። ስለሆነም «የብርድ ወራት»፣ «የብርድ ወራት ጎማ» ማለት ይመረጣል።

2. በረዶ። ይህ ቃል ከዝናም ጋር ለሚወርደው ጠጠር፣ እንደ ባዘቶ ለሚረግፈው ነጭ ብናኝና ረግቶ ለጠጠረ ውሃ ሁሉ ያገለግላል። ለነጂ ግን የኋለኞቹ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። አይስላንዳውያን በጥልቅ ብናኝ ላይ ሲጓዙ የሰፋፊ ጎማዎቻቸውን አየር ከተለመደው ከ25 እስከ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ወደ 3 ወይም 4 ያወርዱታል፤ ጎማው ይንጣለልና መኪናው ሳይሰምጥ ይሄዳል። በጠጠረው ውሃ ላይ የሚያስፈልገው ግን ባለ ምስማር ጎማ ወይም የጎማ ሰንሰለት፣ ፍሬንም በዝግታ መያዝ ነው። ግዕዝ «በረድ»፣ «ሐመዳ»፣ «አስሐትያ» እያለ ስለሚለያቸው፣ አማርኛም ለብናኙ ከ«ሐመዳ» ጋር የሚዛመደውን «አመዳይ»፣ ለጠጠረው ውሃ «ግግር በረዶ» ቢል ልዩነቱ ይጠበቃል። «አመዳይ» በዕለት ንግግር እምብዛም ስለማይሰማ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ፍቺው መሰጠት አለበት። ለሰንሰለቱም የኢጣልያንኛው «ካቴና» አያገለግልም፤ በእኛ አፍ ትርጉሙ ጠቦ የእስረኛ እጅ ማሰሪያ ብቻ ሆኗል።

3. ከመንገድ ውጭ። የእንግሊዝኛው አነጋገር በፒስታና በወጣ ገባ መንገድ መሄድንም፣ መንገድ ለቆ መንዳትንም ያጠቃልላል። በአይስላንድ የመጀመሪያው የተፈቀደ ነው፤ ሁለተኛው ግን መሬቱ በረዶ ለብሶ ካልጠጠረ ወይም ጉዞው በበረዶ ግግር ላይ ካልሆነ በሕግ የተከለከለ ነው። ጎማ የቀደደው የድንጋይ ሽበት እንደገና እስኪያገግም ብዙ ዓመታት ይወስዳልና። ቃል በቃል የተረጐመ ሰው እንግዲህ አንባቢውን ወደ ወንጀል ይመራዋል። ስለዚህ ለፊተኛው «የወጣ ገባ መንገድ ጉዞ»፣ ለኋለኛው ብቻ «ከመንገድ ውጭ መንዳት» ይባል።

4. አዳር። «ካምፕ» በአማርኛ ወታደርን ወይም ስደተኛን፣ «ሰፈራ» ደግሞ ሕዝብን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወርን ያስታውሳል። «የመኪና አዳር» ግን ከማንኛውም ተደራቢ ስሜት የጸዳ፣ ባላገርም ከተሜም የሚያውቀው ነው።

5. ጭስ። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ይህ ነው። ሞተር ሳያጠፉ መኪና ውስጥ ሲተኙ አመዳይ ማርሚታውን ቢደፍነው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መኪና ውስጥ የተለኰሰ ምድጃም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ተርጓሚው «ጭስ ከገባ መስኮት ይከፈት» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው የሚታይ፣ ዓይን የሚቈጠቍጥ ነገር ሲጠብቅ በተኛበት ሊቀር ይችላል። በዝግ ቤት የከሰል ምድጃ ሰው የሚገድለው በዚሁ ጋዝ ስለሆነ፣ «ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም እንደ ከሰሉ መርዝ የማይታይና የማይሸት ጋዝ» ማለት ነገሩን ከሚታወቅ አደጋ ጋር ያገናኘዋል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች እንደምንረዳው፣ አቻ ቃል ከመምረጥ አስቀድሞ ነጂው ቃሉን አንብቦ ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ ይገባል። የውሰት ቃል በራሱ ጕዳት የለውም፤ በቋንቋቸው ጥራት የሚቀኑት አይስላንዳውያን እንኳ «ጂፕ»ን ወስደው ከቋንቋቸው ሥርዐት ጋር አስማምተውታል። ስሙን መዋስ ይቻላል፤ አደጋው ግን አንባቢው በሚያውቀው ቃል መነገር አለበት።