ለቅሶና መርዶ በወረርሽኝ ክልከላ ዘመን
(አዲስ አበባ፥ 2012 ዓ.ም.)

ሰው ሲሞት ጎረቤት የሚሰበሰበው ሬሳ ለመቅበር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የለቅሶን ሥርዓት ከላዩ ብቻ አይቶታል። የቀብሩ ሥራ በጥቂት ሰዓት ያልቃል፤ ሐዘንተኛውን የማጽናናቱ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የኮሮና ወረርሽኝ ያስከተለው ክልከላ ከዚህ ሥርዓት ምኑን እንዳስቀረና ምኑን እንዳላስቀረ ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድሞ ሥርዓቱን እናስታውስ። ሰው ሲታመም ዘመድ ይጠይቀዋል፤ ሕመሙ ሲጠና አጠገቡ የሚያድር አስታማሚ አይታጣም። ሲሞት፥ ርቆ ላለው ዘመድ ወሬው በድንገት አይነገርም፤ ሽማግሌዎችና ወዳጆች ተሰብስበው በማለዳ ከቤቱ ሄደው መርዶውን ያረዱታል። ይኸውም ክፉውን ወሬ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው። ከዚያም ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይቀርባል፤ ጎረቤት ምግብ ያመጣል። በክርስቲያኑ ዘንድ ሠልስት፥ አርባ፥ ሰማንያና ሙት ዓመት ይከተላሉ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ወር ከውጭ አገር የሚገባ መንገደኛ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ተወሰነ፤ በወሩ መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ታወጀ። መጨባበጥና መሰብሰብ ተከለከለ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ማቀፍ፥ ተጠጋግቶ መቀመጥ፥ ከአንድ ገበታ መብላትና በሽተኛ አጠገብ ማደር ለበሽታው መተላለፊያ፥ ለሐዘንተኛውም መጽናኛ ናቸው። ስለዚህ ችግሩ የዕውቀትና የድንቁርና ጠብ አልነበረም፤ አንዱ ደግ ሥራ ከሌላው ደግ ሥራ ጋር መጋጨቱ ነበር እንጂ።

ለምሳሌ ያህል የራሴን ቤተ ሰብ ልጥቀስ። አክስቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። ወረርሽኙን ፈርተው የሐኪም ቀጠሮአቸውን ሁለት ጊዜ አሳለፉ፤ በሚያዝያ መጨረሻ ዐረፉ። ልጃቸው የሚኖረው በዋሽንግተን አካባቢ ነበርና፥ ሁለት ወዳጆቹ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው በማለዳ ከደጁ ውጭ ቆሙ፤ በስልክ ጠርተው ሲወጣ መርዶውን ከሩቅ ሆነው ነገሩት፤ ሳይነኩትም እስኪረፍድ ድረስ አብረውት ቆዩ። እዚህም ዕድሩ ድንኳን አልተከለም፤ ገንዘቡን ግን ሳያጓድል ከፈለ። ዳኛው ዕድርተኛውን ሁለት ሁለት እያደረገ በተራ ላከ፤ ምግቡም በር ላይ እየተቀመጠ ገባ። አንዲት አሮጊት ወዳጃቸው ግን «ሳላቅፍ ያለቀስሁትን ለቅሶ አልለውም» ብለው ከአጥሩ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ዋሉ።

ልጁ ለቀብሩም ለሠልስቱም አልደረሰም። መንገዱንና 14ቱን ቀን ጨርሶ ለአርባው ደረሰ፤ ቀሳውስቱ ከጥቂት ሰው ጋር ጸሎቱን አደረሱ፤ ድግሱ ለሙት ዓመት ተላለፈ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ ሥርዓቱ ኀዘንን በብዙ ቀናት ከፋፍሎ ስላስቀመጠ፥ አንዱ ቀን ቢታጎል ሌላው ሊተካው ችሏል። መርዶውም ቢሆን ዋና ነገሩ ሰው አለመለየቱ ስለ ሆነ በርቀት ሊፈጸም ቻለ። ሁለተኛ፥ ለመተቃቀፍ ግን ምትክ አልተገኘለትም፤ ያሳለፉት የሐኪም ቀጠሮም በምንም አይመለስም።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው ወረርሽኝ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ መታሰቢያው ቀርቷል፤ ሕዝቡም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥሎ ሰፈሩን ሲያጥን ያስበዋል። የ2012ቱ ዘመን መታሰቢያ ምን እንደሚሆን ጊዜ ያሳየናል። እስከዚያው ግን ዕድሮች በዚያ ወቅት የወሰኑት ውሳኔ በየቃለ ጉባኤያቸው ተጽፎ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ወረቀቱ ሳይጠፋ፥ ዳኞቹም ሳያልፉ፥ ተማሪዎቻችን በየሰፈራቸው ቢሰበስቡት መልካም ነው።