ቀፊራ ገበያ ውስጥ ክላሽና ጥይት መከላከያ ሰደርያ ለማን ይጠቅማል?

ሰላማዊ ነዋሪ በግልጽ የሚያዝ ጠብመንጃና ጥይት መከላከያ ሰደርያ ያስፈልገዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከመብትና ከወንድነት ጋር ተያይዞ ስለሚነሳ፣ መሣሪያው የሚያዝበት ቦታና የሚተኮሰው ጥይት የሚያደርሰው ጉዳት ሳይመረመር ይታለፋል። በድሬዳዋ ይህን ለመመርመር ከቀፊራ የተሻለ ስፍራ የለም። ከከዚራ ሰፈር የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ በመጋላ ሰፈር የሚገኘው ይህ ገበያ በቅስት ያጌጡ በሮቹ ሲከፈቱ፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አፋሩና አማራው አንድ ላይ የሚጋፋበት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም መሬት ላይ በዘረጉ ሴቶች መካከል ጭነት የያዘ አህያ «ዞር በሉ!» እየተባለ የሚነዳበት ጠባብ ቦታ ነው።

በተለምዶ ክላሽ ከሚባለው ጠብመንጃ የሚወጣው 7.62 በ39 ሚሊ ሜትር ጥይት በሰከንድ 700 ሜትር ያህል የሚምዘገዘግ ሲሆን፣ የያዘው ጉልበትም 2,000 ጁል ገደማ፣ ማለትም ከተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት አራት እጥፍ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ጥይት የሰውን አካል አልፎ ሸራውንና ቆርቆሮውን በስቶ ሊቀጥል ስለሚችል፣ ቀፊራ ውስጥ ራሱን ለመከላከል የተኮሰ ሰው ኢላማውን ባይስት እንኳ ከኢላማው ጀርባ ያለችውን ቲማቲም ሻጭ ላለመግደሉ ዋስትና የለውም።

ጥይት መከላከያ ሰደርያ ደግሞ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። ለስላሳው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካዊቷ የኬሚስትሪ ባለሙያ ስቴፋኒ ክዎሌክ ካገኘችው ኬቭላር ከተባለ ጠንካራ ክርና ከመሰሎቹ ተደራርቦ የሚሠራ ሲሆን፣ የሽጉጥን ጥይት ቢያቆምም የክላሽን አያቆምም። ሁለተኛው በደረትና በጀርባ የሴራሚክ ወይም የብረት ሳህን የሚገባበት ነው፤ የጠብመንጃን ጥይት መመከት ቢችልም፣ ሁለቱ ሳህኖች ብዙውን ጊዜ አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናሉ፣ አንገትን፣ ብሽሽትንና ጭንንም አይሸፍኑም። ሰው ሁሉ በቀትር ጥላ በሚፈልግባት ድሬዳዋ ይህን ለብሶ ሸቀጥ ለመግዛት የሚወጣ ሰው፣ ከጥይት በፊት ሙቀቱ ይጥለዋል ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ከጥይቱ ይልቅ ግን አሳሳቢው መታጠቅ በጎረቤት ላይ የሚያሳድረው ስሜት ነው። ጆን ኸርዝ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1950 ስለ መንግሥታት ግንኙነት ሲጽፍ «የደኅንነት አጣብቂኝ» ብሎ የሰየመው ሐሳብ፣ አንዱ ራሱን ለመጠበቅ ብቻ ሲታጠቅ ሌላው ይህን እንደ ዛቻ ቆጥሮ እርሱም ስለሚታጠቅ፣ ሁለቱም ከቀድሞው የባሰ ሥጋት ውስጥ የሚገቡበትን ሁኔታ ያመለክታል። ልዩ ልዩ ብሔርና ጎሳ በአንድ መደዳ በሚነግድበት ገበያ አንድ ባለሱቅ ክላሽ አንግቶ ቢቀመጥ፣ የሚያስፈራራው ሌባውን ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ባለሱቅ ጭምር ነው፤ ትናንት በሚዛን ወይም በዱቤ ምክንያት ተነስቶ በሽማግሌ ይበርድ የነበረ ጠብም በሰው ሞት፣ ከዚያም በደም መፈላለግ ሊያበቃ ይችላል።

«አባቶቻችን ውጅግራና ምንሽር ይዘው አይደለም ወይ አገር ያቆዩት?» የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተተኮሰው ጠብመንጃ ብዙው ከታጁራና ከጅቡቲ ጠረፍ ተነስቶ በዚሁ ምሥራቅ በኩል የገባ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ትጥቅ በንጉሥና በመኳንንት አዝማችነት የተሰለፈ፣ ጠላቱም ከውጭ የመጣ ነበርና ከገበያ ትጥቅ ጋር አይነጻጸርም። በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርስም ከተማዋን ያዳነው በዕዝ ሥር የነበረ ጦር ነው፤ በዚያው ዘመን በየቀበሌው የታጠቁት አብዮት ጠባቂዎች ግን በቀይ ሽብር ጊዜ በገዛ ሰፈራቸው ልጆች ላይ ያደረሱትን ግፍ ብዙ ቤተሰብ አይረሳውም።

ከዚህ ሙግት ውጭ መተው ያለበት ፖሊስ በቀን መንገድ እንኳ በማይደርስበት ቆላ ግመሉን የሚጠብቀው አርብቶ አደር ነው። መንግሥት ጥበቃ ሳያደርግለት መሣሪያውን ብቻ መንጠቅ ለታጠቀ ጎረቤቱ አሳልፎ መስጠት ስለሚሆን፣ የእርሱን ጉዳይ በከተማ ሚዛን መመዘን ፍትሕ አይደለም። በከተማው ግን ሕጉ ግልጽ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ የመሠረተ ሲሆን፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 «ሕጋዊ መከላከል» የሚለውም ጥቃቱ ሕገወጥና የተሰነዘረ ወይም ሊሰነዘር የተቃረበ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ሳይቻልና ከጥቃቱ ጋር በተመጣጠነ መጠን የሚደረግን መከላከል ነው።

ስለዚህ ቀፊራ ውስጥ መሣሪያ መያዝ የሚገባው የደንብ ልብስ የለበሰና በስሙ የሚጠየቅ ፖሊስ ብቻ ነው። የገበያው ነጋዴዎች ለክላሽና ለሰደርያ የሚያስቡትን ገንዘብ ለሌሊት ዘበኛና ለመብራት ያውሉት፤ ፖሊስም በተጠራ ጊዜ እንዲደርስ አስተዳደሩን አጥብቀው ይጠይቁ።