የመኪና አምፕሊፋየርና የሳብዉፈር ኦም እንዴት ይጣጣማሉ?

ለዘንድሮው መጽሔታችን አንድ ነገር እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ ስለ ታሪክ ለመጻፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በአጎቴ ሚኒባስ ላይ ያደረስሁት ጥፋት ከልቤ ስላልወጣ፥ ጥፋቱ የመጣበትን ምክንያት ማስረዳትን መረጥሁ። ከመካከላችን በመኪና ሥራ የሚተዳደር ዘመድ ያለው ብዙ ነውና ነገሩ ሳይጠቅም አይቀርም።

አጎቴ የታክሲ ሾፌር ናቸው፤ እኔንም የሚያስተምሩኝ እሳቸው ናቸው። የመኪናው ቴፕ ድምፁ ደካማ ስለ ነበረ፥ ለብዙ ጊዜ ካጠራቀሙት ገንዘብ ላይ አንሥተው አንድ አምፕሊፋየርና አንድ ሳብዉፈር ገዙ። ሳብዉፈር ማለት እንደ ከበሮ ያለውን ወፍራም ድምፅ ብቻ ለይቶ የሚያሰማ ትልቅ ስፒከር ነው። ገጣሚው ሽቦውን ሲያዘጋጅ «በ2 ኦም ላድርገው ወይስ በ8?» ብሎ ጠየቀ። አጎቴም ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተ ፊዚክስ የምትማረው፥ ምን ትላለህ?» አሉኝ። እኔ ኦሙ ሲያንስ ኀይሉ እንደሚበዛ ከክፍል የተማርሁትን አስታውሼ፥ ሳላመነታ «በ2 ይሁን» አልሁ። የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም፤ ግን የማውቀው ግማሹን ብቻ ነበር።

ኦም የተባለው መለኪያ ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሊቅ ከጌኦርግ ኦም ነው። እርሱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ ቮልቱ ሲጨምር ይጨምራል፤ እገዳው ሲጨምር ግን ይቀንሳል። ስፒከር በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ፥ ባለሙያዎች ኮይል የሚሉት የሽቦ ጥቅል አለው። ኮረንቲ ሲያልፍበት ኮይሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፤ የተያያዘበትንም ሾጣጣ ወረቀት ይዞ አየሩን ያንቀጠቅጣል። የሙዚቃ ኮረንቲ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አቅጣጫውን ብዙ ጊዜ ስለሚለዋውጥ፥ የኮይሉ እገዳ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ተራ እገዳ ከማለት ይልቅ ኢምፒዳንስ ይሉታል፤ ቃሉን በ1886 ያወጣው ኦሊቨር ሄቪሳይድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በስፒከር ጀርባ «4 ኦም» ተብሎ የሚጻፈውም ለአሠራር እንዲመች የተሰጠ ግምት እንጂ ቍርጥ ያለ ልክ አይደለም። በቴስተር ለክታችሁ 3 ተኩል ያህል ቢያሳያችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት።

የአጎቴ ዉፈር ባለ ሁለት ኮይል ሲሆን እያንዳንዱ 4 ኦም ነበረ። ሁለቱን ማያያዝ በሁለት መንገድ ይቻላል። የትምህርት ቤታችንን በር አስቡ። ደወል ሲደወል ሁለት በሮች ጎን ለጎን ቢከፈቱ ተማሪው በእጥፍ ፍጥነት ይወጣል፤ ኮይሎቹም ጎን ለጎን ሲያያዙ እገዳው በግማሽ ቀንሶ 2 ኦም ይሆናል። ሁለት ጠባብ በሮች አንዱ ከሌላው በኋላ ቢተከሉ ግን ተማሪው ሁለት ጊዜ ይጋፋል፤ ኮይሎቹ በተከታታይ ሲያያዙም እገዳው ተደምሮ 8 ኦም ይሆናል። ከእነዚህ ኮይሎች ሁለቱንም እየተጠቀሙ 4 ኦም ማግኘት አይቻልም።

ኀይሉን እንመልከት። አምፕሊፋየሩ 20 ቮልት ቢያወጣ፥ በ4 ኦም 5 አምፔር ያልፋል፤ ቮልቱና አምፔሩ ሲባዙ 100 ዋት ይሆናል። በ2 ኦም 10 አምፔር፥ ማለት 200 ዋት ይሆናል። ይህ በወረቀት ላይ ነው፤ በእውነቱ ኀይሉ እጥፍ ሳይሞላ ይቀራል። እኔን ያሳተኝ ይህ ስሌት ነበር። ስሌቱ የማይናገረው ነገር ቢኖር፥ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ መሆኑን ነው።

ሌላም ያላየሁት ነገር ነበረ። አምፕሊፋየሩ ሁለት መውጫ ያለው ሲሆን፥ በሆዱ ላይ «4 ኦም፥ 100 ዋት በ2፤ 2 ኦም፥ 150 ዋት በ2፤ ብሪጅ፥ 4 ኦም፥ 300 ዋት» ተብሎ ተጽፏል። ብሪጅ ማለት ሁለቱ መውጫዎች ለአንድ ስፒከር በአንድነት ሲሠሩ ነው። ግንድ የሚሰነጥቁትን ሁለት መጋዘኞች አይታችሁ ይሆናል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። እንዲሁም አንዱ መውጫ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ በስፒከሩ ላይ የሚያርፈው ቮልት እጥፍ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ እያንዳንዱ መውጫ የሚሰማው የስፒከሩን ኦም ግማሽ ብቻ ነው። የኛ 2 ኦም ለእያንዳንዱ መውጫ 1 ኦም ሆነበት ማለት ነው፤ 10 አምፔር እንዲችል የተሠራው 20 አምፔር ተጠየቀ።

በመጀመሪያው ቀን ድምፁ ድንቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን የአምፕሊፋየሩ ብረት እጅ የማያስነካ ሆነ፤ ቀይ መብራት እያበራም ራሱን ያጠፋ ጀመር። ይህ መብራት ማስጠንቀቂያ መሆኑን አላወቅንም። ረዳቱ ፊውዙን አውጥቶ በወፍራም ሽቦ ሊተካው ፈልጎ ነበር፤ አጎቴ ባይከለክሉት መኪናውም በተቃጠለ ነበር። በሳምንቱ ከአምፕሊፋየሩ ጭስ ወጣና ዝም አለ። አጎቴ ምንም አልተናገሩኝም። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ቴስተር ተውሼ የዉፈሩን ሽቦ ብለካ 1.8 አሳየኝ። ኮይሎቹን ለያይቼ ብለካ እያንዳንዱ 3.6 ሆነ። ዉፈሩ ደኅና ነው፤ የተሳሳተው አያያዙ ነው። ከዚያ ወዲያ የአምፕሊፋየሩን ጽሑፍ አነበብሁና ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ወደ አጎቴም ሄጄ «አጎቴ፥ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳላነብ ነው የተናገርሁት» አልኋቸው። እሳቸውም «እንግዲያውስ አሁን አንብበህ ንገረኝ» አሉኝ።

የተቃጠሉት ትራንዚስተሮች ከተለወጡ በኋላ ኮይሎቹን በተከታታይ አያያዝን። አሁን እያንዳንዱ መውጫ የሚሰማው 4 ኦም ስለ ሆነ በድምሩ 200 ዋት ይሰጣል። አጎቴ «ድምፁ ቀነሰ» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ግን በ4 ኦም ከሚያገኙት ከ300 ዋት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 2 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ድምፅ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኀይሉ ዐሥር እጥፍ ያህል ማደግ አለበትና። ለዚህ አምፕሊፋየር የሚስማማው እያንዳንዱ ኮይል 2 ኦም የሆነ ዉፈር ነው፤ በተከታታይ ሲያያዝ 4 ኦም ይመጣል። ይህን በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ፤ እሳቸውም ወረቀቱን ከመንጃ ፈቃዳቸው ጋር አስቀምጠው የሚለውጥላቸው ሰው እየፈለጉ ነው።