የሐረር ፔጆዎችና የኋላ እግራቸው ዘይት

በሐረር በር ገብቶ ወደ ፈረስ መጋላ የሚዘልቀውን ጎዳና የሚመለከት እንግዳ፥ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡ አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች ከባጃጁ ጋራ እየተጋፉ ሰውና ዕቃ ሲያመላልሱ ባየ ጊዜ መደነቁ አይቀርም። ይህ መኪና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ከፈረንሳይ የወጣ፥ ቅርጹንም የኢጣሊያው ፒኒንፋሪና የነደፈው ነው። ስለ መልኩ የሚያወሩ ሰዎች ስለማይጠፉ፥ እኔ የማወራው ከበታቹ ስላለውና ባለታክሲውን ከሁሉ ይልቅ ስለሚያሳስበው የዘይት መፍሰስ ነው።

የሞተሩን ኃይል ተቀብሎ ለሁለቱ የኋላ መንኰራኵሮች የሚያካፍለው ዲፈረንሻል፥ መኪናው በሚዞርበት ጊዜ የውጭው መንኰራኵር ከውስጠኛው ይልቅ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚጓዝ፥ እያንዳንዱ በየራሱ ፍጥነት እንዲሽከረከር የሚያደርግ ረቂቅ ሥራ ነው። ጥርሶቹ በዘይት ተነክረው ስለሚኖሩ፥ ዘይቱ በሚረጭበት ጊዜ ኃይሉን ወደ መንኰራኵር በሚያደርሱት በሁለቱ ዘንጎች ላይ እየተንሸራተተ እስከ ዳር ይደርሳል፤ በዚያም የጎማ ከንፈር ያለው፥ ከንፈሩንም ቀጭን የሽቦ ጥቅል ከዘንጉ ጋራ የሚያጣብቀው ቀለበት፥ ማለት መካኒኮች ኦይል ሲል የሚሉት፥ የሐረር ግንብ የጁገል በሮች ቀድሞ በምሽት ይዘጉ እንደ ነበረ ሁሉ ዘይቱን ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይከለክለዋል።

ከንፈሩ በደረቀና በተበላ ጊዜ ዘይቱ የሚፈሰው መሬት ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ከቀለበቱ ባሻገር ያለው የፍሬኑ ታምቡር ስለሆነ፥ ዘይቱ በውስጡ ያለውን የፍሬን ሸራ ያርሰዋል፤ የራሰውም ሸራ አንዳንድ ጊዜ ፈጽሞ አይዝም፥ አንዳንድ ጊዜም በድንገት ይነክስና መኪናውን ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ፥ ድሬዳዋ ግን ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ናቸውና፥ ሐሮማያን አልፎ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ለሚወርድ ሹፌር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥገናውን በችኰላ የሚሠራ ሰው አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ይተክልና ይለቃል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም መኪናው ያንኑ ሕመም ይዞ ይመለሳል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከቀለበቱ ውጭ ነው። ዲፈረንሻሉ በሥራ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ አየሩ የሚወጣባት ትንሽ መተንፈሻ በጭቃና በአቧራ የተደፈነች እንደሆነ፥ ግፊቱ ዘይቱን በከንፈሩ ሥር ገፍቶ ያስወጣዋል። ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ የላላ እንደሆነም ዘንጉ ይወዛወዛል፥ የሚወዛወዝን ዘንግ ደግሞ ምንም ከንፈር ሊከተለው አይችልም። ስለዚህ ጠንቃቃ መካኒክ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ በእንጨት ካስደገፈ፥ ታምቡሩንም አውልቆ ዘንጉን ከሳበ በኋላ፥ መጀመሪያ መተንፈሻውን ያጸዳል፥ ኩሽኔታውን በእጁ አሽከርክሮ ያዳምጣል፥ ዘንጉም ላይ ከንፈሩ በሚያርፍበት ቦታ በጥፍሩ ይዳስሳል፤ ጥፍሩን የሚይዝ ቦይ ከተገኘ አዲሱ ቀለበት ጥቂት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ተወስዶ ባልተበላ ብረት ላይ እንዲያርፍ ይሆናል። ሲተከልም ከንፈሩ ወደ ዘይቱ ዞሮ፥ በዘይት ተቀብቶ፥ ዙሪያውን እኩል በሚገፋ ቧንቧ ይገባል እንጂ በመዶሻ አንድ ወገኑ ብቻ አይመታም።

የ404 ዲፈረንሻል ሌላ ጠባይ አለው። ኃይሉን የሚያዞረው እንደ ቡሎን ጥርስ የተጠመዘዘ ብረት ከነሐስ መንኰራኵር ጋራ ተያይዞ ነው፤ ነሐሱንም በዛሬ ዲፈረንሻል ዘይቶች ውስጥ ያለው አንዳንዱ የድኝ ቅመም ይበላዋል። በዚያ ዘመን ፋብሪካው ያዝዝ የነበረው ከጉሎ ፍሬ የተጠመቀ ዘይት ነበረ፤ በአገራችን ሴቶች ምጣድ የሚያስሱበት ጉሎ መሆኑ ነው! ስለዚህ ቀለበቱን ለውጦ ያገኘውን ዘይት የሚሞላ ሰው የዳነውን በሽታ በሌላ ይተካል። ዘይቱም እስከ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር ድረስ ብቻ ይሞላል፤ ከዚያ የበለጠው መውጫ ይፈልጋልና።

ዘይት የጠጣውን ሸራ በቤንዚን አጥበው የሚመልሱ አሉ፤ ሸራው ግን በሚግልበት ጊዜ የጠጣውን መልሶ ያወጣዋል። የሚለወጠውም የራሰው አንዱ ወገን ብቻ ሳይሆን፥ ሁለቱ መንኰራኵሮች እኩል እንዲይዙ የግራውም የቀኙም ነው።