ርካሽ ኮምፒውተር፣ ሊቀዳ የተፈቀደ መጽሐፍ

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ፣ በአሜሪካ የኮሎምበስ ከተማ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው ክሮምቡክ የተባለ ላፕቶፕ አደሉ። በክሊቭላንድ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋው ሊንደን ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች የሚበዙበት ሰፈር ነው፤ ከኢትዮጵያ የመጡ ወገኖቻችንም በዚሁ በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ በብዛት ይኖራሉ። ልጆቹ ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውት የሚሄዱት ይህ ማሽን ዋጋው ዝቅ ያለበት አንዱ ምክንያት ከውጭ አይታይም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር፣ ክሮም ኦኤስ፣ የተሠራው በሊነክስ ላይ ነው። ሊነክስ ደግሞ የፊንላንዱ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀምሮት በሺዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች በጋራ ያሳደጉት ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ነው። ኮዱን ማንም ማንበብ፣ ማሻሻልና ለሌላው ማደል ይችላል፤ ለዚህ የሚጠየቅ ክፍያ የለም።

ይኸው አሠራር ወደ መማሪያ መጽሐፍም ተሻግሯል። በቴክሳስ የሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ኦፕንስታክስ በሚል ስም የፊዚክስና የሶሺዮሎጂ መጻሕፍት በነፃ ማውጣት ጀመረ። ዛሬ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስና ሌሎችም ተጨምረዋል። በአሜሪካ አንድ የኮሌጅ መማሪያ መጽሐፍ ከ100 ዶላር በላይ መሸጡ የተለመደ ስለሆነ፣ ለሊንደን ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን በነፃ ከመሰጠቱ ይበልጥ ፈቃዱን አከብረዋለሁ። አብዛኞቹ የኦፕንስታክስ መጻሕፍት የወጡት ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ፈቃድ ነው። የአዘጋጁን ስም እስከጠቀሰና የፈቃዱን ሁኔታዎች እስከጠበቀ ድረስ ማንም ሰው መጽሐፉን ያባዛል፣ ያሳጥራል፣ ከአገሩ ምሳሌ ይጨምርበታል፣ ወደ አማርኛም ይተረጉመዋል። በነፃ የተሰጠ ነገር ነገ ሊከለከል ይችላል፤ በዚህ ፈቃድ የወጣ መጽሐፍ ግን ሁኔታዎቹ እስከተጠበቁ ድረስ ተመልሶ አይወሰድም።

ማሽኑንና መጽሐፉን አንድ ላይ ለማድረስ ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ የተካሄደው በአገራችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የ100 ዶላር ላፕቶፕ ለዓለም ልጆች እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። ኤክስ ኦ የተባለው ነጭና አረንጓዴ ላፕቶፕ ሲመረት ዋጋው ወደ 190 ዶላር ተጠጋ። ቢሆንም ብልሃት ያለበት ማሽን ነበር፦ ማያው በጠራራ ፀሐይ ይነበባል፣ ኤሌክትሪክ የሚወስደው በጣም ጥቂት ነው፣ ሶፍትዌሩ ሹገር የተባለና በሊነክስ ላይ የተሠራ ነው፣ የአማርኛ ፊደል ያለበት ቁልፍ ሰሌዳም ተዘጋጅቶለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 5,000 ያህሉ በአዲስ አበባና በገጠር ላሉ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ታደሉ።

ውጤቱ ሁለት መልክ አለው። በኔዘርላንድስ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ኒና ሃንሰን ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው ጥናት፣ ላፕቶፑን የተጠቀሙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ነገሮችን በማዛመድና በመመደብ ፈተናዎች ካልተጠቀሙት በልጠው ተገኝተዋል። በሌላ በኩል፣ በቂ ሥልጠና ያላገኙ መምህራን ማሽኑን እንደ መጫወቻ እያዩት ከክፍል የሚያስወጡበት ጊዜ ነበር። በፔሩ በገጠር ትምህርት ቤቶች የተደረገው ሰፊ ጥናትም በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ፍርዴ ግልጽ ነው፦ ከመምህሩ ጋር ያልተመከረበት ኮምፒውተር፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ መማሪያ መጽሐፍ አይሆንም።

ለእኛ ደግሞ ሌላ የራሳችን እንቅፋት አለብን፤ እሱም ፊደሉ ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት የጋራ ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም ወዲህ ለረጅም ጊዜ፣ ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ የተተየበው በቪዡዋል ግእዝና በመሳሰሉት የቀድሞ ሶፍትዌሮች ነው። እንዲህ የተተየበ ገጽ ሲታተም ያምራል። ጽሑፉን ቀድተህ ሌላ ቦታ ስታኖረው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ይሆናል። ተማሪው “ፎቶሲንተሲስ” ብሎ ቢፈልግ አያገኘውም፤ ለዓይነ ስውር ተማሪ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሶፍትዌርም አያውቀውም፤ የተሳሳተ መስመር ለማረም እንኳ እንደገና መተየብ ያስፈልጋል። ገጹ በስካነር ተነሥቶ ፒዲኤፍ ሲሆን ችግሩ ያው ነው። ስለዚህ ለአማርኛ መጽሐፍ ክፍት መሆን ማለት በዩኒኮድ መተየብም ጭምር ነው። ለዚህ የሚሆን ነፃ ቅርጸ ፊደል፣ ለምሳሌ አቢሲኒካ፣ በእጃችን አለ።

ዛሬ ለአንድ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ዕቃ ከኤክስ ኦ ዘመን ይልቅ ቀላል ነው። ኮሊብሪ የተባለው ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ ታስቦ የተሠራ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ስፍራ ትምህርቱ አንዴ ይወርድና በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ወይም ራዝቤሪ ፓይ በተባለች መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። ከዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ስልኮችና ታብሌቶች በዋይፋይ ከእሱ ያነባሉ፤ የካርድ ሒሳብ አይቆጥርም። መምህሩም ማን የቱን ትምህርት እንደጨረሰ ያያል። ኪዊክስ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ ዊኪፔዲያን፣ የአማርኛውንም ጨምሮ፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ ያደርገዋል።

ስለዚህ በሊንደንና በአካባቢው ላላችሁ የማኅበርና የቅዳሜና እሑድ አማርኛ ትምህርት አስተባባሪዎች ጥያቄ አለኝ። ወደ አገር ቤት ያገለገለ ላፕቶፕ መላክ መልካም ነው፤ በውስጡ ምን እንደሚነበብ ግን አስቀድማችሁ አስቡ። እዚህ የኮሌጅ ፊዚክስና ባዮሎጂ የተማሩ ልጆች አሏችሁ፤ አማርኛውን አጣርተው የሚያውቁ ወላጆችም አሏችሁ። ከአንድ ክፍት መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ምረጡ፤ ልጆቹና ወላጆቹ አብረው ይተርጉሙት፤ በዩኒኮድ ተይቡት፤ አገር ቤት ያለ የትምህርቱ መምህር ያርመው። ከዚያም በዚያው ክፍት ፈቃድ አውጡት፤ ቀጣዩን ምዕራፍ ሌላ ከተማ ያለ ማኅበር ይቀጥልበታል።