እየገባን የማንናገረው እንግሊዝኛ

የእኛ አገር ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ፈተና ላይ ትክክለኛውን «ፓስት ቴንስ» ምረጥ ቢባል አይሳነውም። ትናንት የዋለበትን ተናገር ሲባል ግን ምላሱ ይተሳሰራል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ካናዳ ውስጥ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ሒሳብና ሳይንስ ጭምር በፈረንሳይኛ የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ልጆቹ ለዓመታት ከመስማታቸው የተነሳ ቋንቋው በደንብ ይገባቸዋል፤ ሲናገሩና ሲጽፉ ግን ሰዋስዋቸው ይንገዳገዳል። ይህን ያጠኑት ሜሪል ስዌይን በ1985 እ.ኤ.አ. መስማት ብቻውን አይበቃም የሚል መላምት አቀረቡ። አድማጭ ጥቂት ቃላት ይዞ የቀረውን ይገምታል። ተናጋሪ ግን ግሱን በየትኛው ጊዜ እንደሚያረባው ራሱ መወሰን አለበት፤ የጎደለው ነገር የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው።

በፕሮጀክት ማስተማር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ዊሊያም ኪልፓትሪክ ስለ ፕሮጀክት ዘዴ የጻፉት በ1918 እ.ኤ.አ. ነበር። የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል እንበል። ተማሪዎች ሥሩ ባልዲ አስቀምጠው በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚፈስ ይለካሉ፤ ያገኙትንም አማርኛ ለማይችል አንባቢ ይጽፋሉ። አንዷ «ዘ ዋተር ኢዝ ሎስ» ትላለች። ጓደኛዋ «ሎስ ነው ሎስት?» ይላታል። ይከራከራሉ፣ መዝገበ ቃላት ይገለጣል፣ በመጨረሻ መምህሩ ይጠራሉ። «ፓሲቭ ቮይስ»ን ለማስረዳት ከዚህ የተመቸ ሰዓት አይገኝም፤ ጠያቂዋ ራሷ ተማሪዋ ናትና። (ክርክሩ በአማርኛ መሆኑ እኔን አያሳስበኝም። ስዌይንም ከባልደረባቸው ጋር ባደረጉት ጥናት ተማሪዎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መመካከራቸው ለሥራው እንደሚያግዝ አሳይተዋል።)

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ አንዱ ጎበዝ ሁሉንም ይጽፋል፣ ሌሎቹ ካርቶን ሲቆርጡና ቀለም ሲቀቡ ይውላሉ። ያማረ ፖስተር ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እንግሊዝኛው ግን የአንድ ልጅ ነው። መድኃኒቱ የሥራው አሰጣጥ ላይ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ጓደኛው የጻፈውን ክፍል በቃል ያስረዳ፣ ከአድማጮች የሚመጣውንም ጥያቄ ይመልስ። የመጀመሪያው ረቂቅ ከነስርዙ ከመጨረሻው ጽሑፍ ጋር ተያይዞ ይቅረብ፤ መምህሩም በሁለቱ መካከል ለታየው ለውጥ ነጥብ ይስጡ።