ከሥር የሚመጣ የቅጠል ጥንካሬ

በሐረር ዙሪያ የሚለማው ማሽላ፣ ቡናና ቦሎቄ ቅጠሉ ሲታመም ሁላችንም ቅጠሉን ብቻ እናያለን። ወደ ሥሩ ብንወርድ ግን ብዙ የተለመዱ አባባሎች እውነት ሆነው አይገኙም።

«ፈንገስ ሁሉ የሰብል ጠላት ነው» ይባላል። ማይኮራይዛ የሚባለው የአፈር ፈንገስ ግን በአብዛኛው የምድር ተክል ሥር ውስጥ በሰላም ይኖራል፤ ማሽላም ቡናም ያስጠጉታል። ከአፈር ፎስፈረስ ለቅሞ ይሰጣቸዋል፣ እነሱም በምላሹ ስኳርና ቅባት ይመግቡታል። በቦንጋ የቡና ደን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት የፈንገሱን ዘሮች በቡናውና በጥላ ዛፎቹ ሥር ዙሪያ አግኝቷል።

«ሥር ላይ ያለ ነገር ለቅጠል በሽታ ምን ይፈይዳል?» ለሚለው መልሱ እጅግ ያስደንቀኛል። ፈንገሱ ቅጠሉ ድረስ አይወጣም። ሥሩ ውስጥ ሲገባ ግን ተክሉ እንግዳ መምጣቱን ያውቃል፤ ካስጠጋው በኋላም መላ አካሉ ነቅቶ ይቆያል። መከላከያውን ቀድሞ አያባክንም፤ በሽታ ቅጠሉን ሲነካ ግን ፈንገሱ ከሌላቸው ተክሎች ይልቅ ፈጥኖና በርትቶ ይከላከላል። ለዚህ ዋናው መልእክተኛ ጃስሞኒክ አሲድ የተባለው የተክል ሆርሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የቻይና ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በፈንገሱ ክር ከተያያዙ ሁለት ቲማቲሞች አንዱ አልተርናሪያ የተባለው ፈንገስ በሚያመጣው የቅጠል በሽታ ሲያዝ፣ ጤነኛው ጎረቤቱ በበሽታው ሳይነካ መከላከያውን አስነሥቷል።

«እንግዲያው መድኃኒት ተገኘ» ማለት ግን ስህተት ነው። ይህ ንቃት ይበልጥ የሚሠራው ቅጠሉን እየገደሉ በሚመገቡ በሽታዎች ላይ ነው። ሕያው ቅጠል ላይ ተጣብቀው በሚኖሩት ላይ፣ እንደ ዋግ ባሉት፣ ጥቅሙ ደካማ ነው፤ አንዳንዴም ተክሉን ይበልጥ ያጋልጠዋል። ስለዚህ የቡና ቅጠል ዋግን የሚፈራ ገበሬ የሚቋቋም ዝርያ መምረጡንና መግረዙን መተው የለበትም።

«ማዳበሪያ በበዛ ቁጥር ተክሉ ይጠነክራል» የሚለውም ያሳስበኛል። ፎስፈረስ ሲትረፈረፍ ተክሉ ፈንገሱን ማስተናገድ ይቀንሳል፤ ደጋግሞ ማረስም ክሮቹን ይበጣጥሳል። ጎመን ደግሞ ከነጭራሹ አያስጠጋውም። ስለዚህ ጎመን በለማበት መሬት ላይ ቀጥሎ ማሽላ ወይም ቦሎቄ መዝራት ፈንገሱ እንደገና የሚራባበትን ሥር ያገኝለታል።